ጠያቂው ድሬሰር

«አባዬ፣ ለማን ጥለኸኝ ሄድክ» እያለች ወደ ዳሱ የገባችውን ሴት ከለቀስተኛው መካከል የሚያውቃት አልነበረም።

የኪዳነ ወልድ ሣልስት ነው። የኅዳር ነፋስ ከጓሳ ተራራ በኩል እየመጣ የዳሱን ሸራ ያርገበግባል፤ ወንዶቹ የበግ ጠጉር ባናቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ካቡ ሥር ተደርድረዋል። ሴቲቱ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የለበሰችው የቆላ ልብስ ስስ ነው፤ ያዘለቻት ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ከንፈሯ በብርድ ጠቁሯል። የሟቹ እህት እታገኝ ተነሥታ ልጅቷን ከጀርባዋ ተቀበለቻት። ሴቲቱ መሬት ላይ ተደፍታ ደረቷን ትደቃ ጀመር።

የሟቹ ሚስት ጥሩሸዋ መደቡ ላይ ሆና ታያለች። ሦስት ቀን አልቅሳ ድምጿ ተዘግቷል። ሴቲቱ ለቅሶዋ ሲበርድላት በጉልበቷ ሄዳ ከጥሩሸዋ እግር ሥር ተቀመጠች።

«እግዜር ያጥናዎት እትዬ» አለቻት። «አማከለች እባላለሁ፤ ከዓለም ከተማ ነው የመጣሁት። ስምዎን ሁልጊዜ ያነሣልኝ ነበር።»

ጥሩሸዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣቻት። እሷ የዚህችን ሴት ስም አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም።

ከጓዳው በር ንፍሮ የሚያወጡ ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«የልጅቷን ግንባር አየሽው?»

«አየሁት። ቁርጥ እሱን።»

«ሃያ ዓመት ሆስፒታል ሲኖር ብቻውን ነው የኖረው ብለሽ ነው?»

ጥሩሸዋ ሰማች። እንዳልሰማ ሰው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እሷና ኪዳነ ወልድ ልጅ አልነበራቸውም።

ኪዳነ ወልድ ድሬሰር ነበር፤ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ የጤና ረዳት። ይሠራበት የነበረው ሆስፒታል ከመንዝ በአውቶቡስ አንድ ቀን ሙሉ የሚያስኬድ ነው። ሚስቱን ይዟት እንዳይሄድ፣ መሬቱ ላይ ሰው ካልተገኘ የገበሬ ማኅበሩ ለሌላ ይደለድለዋል፤ ጥሩሸዋም ዓይናቸው የጠፋ እናት ነበሯት። ስለዚህ እሱ እዚያ፣ እሷ እዚህ ሆነው ኖሩ። ለመስቀል፣ ለገና፣ ለፋሲካ ይመጣል። አጭር፣ ዝምተኛ፣ ሲሄድ ኮቴው የማይሰማ ሰው ነበር። በጥቅምት መጨረሻ ሆስፒታሉ ውስጥ ተስቦ ገባ፤ በሽተኛ ሲያነሣ ሲጥል ያዘውና በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ሬሳውን ባልደረቦቹ በላንድሮቨር አምጥተው ለመንደሩ ለቀየት ሰው አስረከቡ።

አማከለች በሣልስቱ ማግስት ትሄዳለች ተብሎ ሲጠበቅ አልሄደችም። ማንም ሳያዛት እንስራ አንሥታ ውኃ ቀዳች፤ የለቀስተኛውን ዕቃ አጠበች፤ ሲመሽ ከጓዳው ጥግ አጎዛ ላይ ልጇን አቅፋ ተኛች። የሚያናግራት ሲኖር በአጭሩ ትመልሳለች። «አቶ ኪዳነ ወልድን እንዴት አወቅሽው?» ሲሏት «ታምሜ አክሞኝ» ትላለች፤ ከዚያ አትጨምርም። ያ አጭር መልስ ወሬውን አባሰው። አክሞ ያዳነው ሰው ብዙ ነው፤ ልጅ አዝሎ ሁለት ቀን ተጉዞ አባዬ እያለ የመጣ ግን የለም።

እታገኝ ልጅቷን አልለቅ አለች። ታበላታለች፤ ታቅፋታለች፤ ፀሐይ ላይ ታሞቃታለች። አንዳንዴ የልጅቷን ጣቶች አንድ በአንድ ዘርግታ ታያለች። ጥሩሸዋ ይህንንም አየች።

በአምስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ። አያ ጫኔ ግን እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ጠዋት መጥቶ ዳሱ ሥር ተቀመጠ። ጫኔ ጎረቤታቸው ነው፣ አምሳ ዓመት ያለፈው ገበሬ፤ በቀብሩ ዕለት ቃሬዛውን ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን አልለወጥም ብሎ የተሸከመ እሱ ነው። ጥሩሸዋ ስታየው አምና ለመስቀል የሆነው ትዝ አላት።

ያን ጊዜ ጫኔ ክፉ ዓመት አልፎበት ነበር። በድርቁ በሬዎቹ አለቁ፤ በጎቹን ጨረሰ፤ የተረፈችውን ገብስ ውርጭ መታት። ደመራው ዙሪያ ሰው ሲጨፍር እሱ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ኪዳነ ወልድ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ። ጥሩሸዋ ጠላ ይዛላቸው ስትመጣ ባሏ የሚናገረውን ሰማች።

«ጫኔ፣ መሞት እያሰኘህ ነው?»

ገንቦዋን ልትጥላት ምንም አልቀራት። ቤት ሲገቡ ተቆጣችው። «በበዓል ቀን ሰው ላይ ታሟርታለህ? ያላሰበውን ታሳስበዋለህ?»

ኪዳነ ወልድ ጫማውን እያወለቀ «ያላሰበ ሰው ስለጠየቁት አያስብም» አላት። «ያሰበ ግን ካልጠየቁት ብቻውን ነው የሚቀረው።»

በማግስቱ የጫኔን ጠመንጃ በዝተት ጠቅልሎ ይዞ መጣና ጣሪያው ሥር ሸጎጠው። የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ ስለነበረ የተሰጠው ጠመንጃ ነው። «ከሊቀመንበሩ ጋር ተነጋግረናል፤ እኔ ቤት ይቆይ» አለ እንጂ ምክንያቱን አልነገራትም። ወደ ሥራው ሲመለስም «ጫኔን በየሁለት ቀኑ ጥሪው፤ የሚበላ ባይኖርሽ እንኳ ጥሪው» ብሏት ሄደ። ጥሩሸዋ ጠራችው። ሰውየው ይመጣል፤ ትንሽ ይቀመጣል፤ ይሄዳል። እስከ ገና ድረስ እንዲህ ሆነ። ገና ላይ ጠመንጃው ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ነገሩ ምን እንደነበር አልጠየቀችም፤ ባሏ የማይናገረውን አለመጠየቅ ለምዳ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት ጥሩሸዋ ወደ መቃብሩ ልትሄድ ተነሣች። ሴቶቹ አብረዋት ሊሄዱ ሲሉ «ይህቺ ትምጣ» አለችና ወደ አማከለች አመለከተች። ሴቶቹ ተያዩ።

ቅዱስ ሚካኤል ከቤታቸው ብዙ አይርቅም። አዲሱ አፈር ከጥዶቹ ሥር ነው። ጥሩሸዋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና በተዘጋ ድምጿ፦

«እንግዲህ ሰው የለም» አለች። «ልጅቷ የሱ ናት?»

አማከለች የደነገጠች አትመስልም። ሰው ምን እንደሚያወራ ሰምታለች።

«አይደለችም እትዬ። አባቷ ከበደ ይባላል፤ ባሌ ነው። ወታደር ቤት ከገባ ወዲህ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የጻፈልኝ።»

«ታዲያ ምንሽ ነው? ሰው ላከመው ሐኪም እንዲህ አያለቅስም።»

አማከለች ከአዲሱ አፈር ጓል አንሥታ በጣቷ ፈረፈረች። «ልነግርዎት ነው የመጣሁት። እዚህ ስደርስ ፈራሁ። ከቤተሰቤና ከአንድ ጎረቤት በቀር በአገሬ የሚያውቅ የለም። አገሬ ቢሰማ ሰው በቤቴ አያልፍም።»

«ንገሪኝ።»

«ባሌን ሲወስዱት ልጄ በተወለደች በአሥራ አራት ቀኗ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ብለው ከገበያ አፍሰው ጫኑት። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጅቷ ስታለቅስ ጡት እሰጣታለሁ፤ ግን የሌላ ሰው ልጅ የያዝሁ ይመስለኛል። አማቴ ዛር ነው ብለው ጠበል ወሰዱኝ፤ ደግ ሴት ናቸው፣ የሚያውቁትን ሁሉ አደረጉልኝ። ለኔ ግን ሁሉም ከኔ ቢገላገሉ ይሻላቸዋል የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። አንድ ቀን ነፍሴን ላጠፋ ሞከርሁ።»

ጥሩሸዋ ሳታስበው አማተበች።

«ቀጥዪ» አለቻት ጥሩሸዋ። «እጄ ለምዶ ነው።»

«ጎረቤት ደርሶ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ሰውነቴን አከሙት። አንዷ ነርስ አልጋዬን ስታነጥፍ፣ ስንት ሰው መኖር እየፈለገ ይሞታል፣ አንቺ በገዛ እጅሽ ሥራ ታበዢብናለሽ አለችኝ። እውነቷን ነው ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ሦስት ቀን ለማንም ቃል አልተናገርሁም። ጋሽ ኪዳነ ወልድ በርጩማ ይዞ መጣ። ኪዳነ ወልድ እባላለሁ፣ መንዜ ነኝ፣ መናገር ካልፈለግሽ አትናገሪ፣ እኔ ግን ትንሽ ልቀመጥ አለኝ። ተቀመጠ። በማግስቱም መጣ፤ የልጄን ስም ጠየቀኝ። በሦስተኛው ቀን፣ አማከለች አሁንም መሞት ትፈልጊያለሽ? አለኝ።»

ነፋሱ ጥዶቹን አወዛወዘ። ጥሩሸዋ የባሏን ድምፅ የሰማች መሰላት።

«ያን ያህል ሰው ሲመላለስብኝ ያንን የጠየቀኝ አንድም አልነበረም። አዎ አልሁት። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ስለነገርሽኝ ደግ አደረግሽ አለኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የሚብስብኝ መቼ እንደሆነ፣ ቀለል የሚለኝ ምን ሲሆን እንደሆነ ጠየቀኝ። ቀለል የሚለኝ ነገር እንዳለ ራሴም ረስቼው ነበር። አክስቴ ስትመጣ ነው አልሁት። በሳምንቱ አክስቴን አስመጣት። ሐኪሙን አናግሮ መድኃኒት አስጻፈልኝ፤ አልጋዬን ነርሶቹ የሚቀመጡበት አጠገብ አስጠጋው። ያቺን ነርስ እንኳ አልተቆጣትም። በርጩማውን ሰጣትና፣ ዛሬ አንቺ ተቀመጪላት አላት። ተቀመጠች። ስትነሣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በየወሩ እንድመለስ ቀን ቆርጦ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። እየተመላለስሁ ዳንሁ ብል ይቀለኛል። የዛሬ ሁለት ዓመት ፋሲካ ሲደርስ ግን ነገሩ ተመለሰብኝና በቀጠሮዬ ቀረሁ። ለምን እንደቀረሁ ሰው ሊጠይቀኝ ይመጣል ብዬ አላሰብሁም። የስቅለት ዕለት ጋሽ ኪዳነ ወልድ ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግሩ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ሰፈራችን ሰነበተ። ጾሙን ከኛ ጋር ፈታ።»

ጥሩሸዋ ተነሣች። ያንን ፋሲካ እሷም አትረሳውም። በጉን አሳርዳ፣ ዶሮውን ሠርታ፣ እስከ ማክሰኞ በር በሩን ስታይ ነበር። ከበዓሉ በኋላ ጫማው ጭቃ ጠግቦ መጣ፤ «ሥራ ነበረብኝ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ሁለት ቀን አላናገረችውም።

«እኔን ያልጠየቀኝን» አለች፤ «ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ እኔን ያልጠየቀኝን አንቺን ጠየቀሽ። በዓሌን ለአንቺ ሰጠሽ። እኔስ? እኔ ብቻዬን ስሆን ማን በርጩማ ይዞ መጣልኝ?»

ጥሩሸዋ መቃብሩን ሁለት ጊዜ ዞራ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ለምን እንዲህ ያደርግ ነበር? ሌላው ሐኪም የማያደርገውን?»

«ይህንንም ልንገርዎት? ነግሮኛል። ግን የናንተ የቤታችሁ ነገር ነው።»

«ንገሪኝ ብያለሁ።»

«ወንድም ነበረው አይደል። ፈንታ የሚባል።»

ፈንታ የኪዳነ ወልድና የእታገኝ ታናሽ ነበር። በሶማሌው ጦርነት እግሩን አጥቶ፣ ወንድሙ ከሚሠራበት ሆስፒታል ሁለት ወር ተኝቶ ነበር። ቁስሉ አመርቅዞ ሞተ ተብሎ ነው ቀየት የተቀበረው።

«ቁስሉ ድኖ ነበር» አለች አማከለች ቀስ ብላ። «ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ለጋሽ ኪዳነ ወልድ፣ ከእንግዲህ ሸክም አልሆንባችሁም አለው። እሱ ቀልድ አድርጎት፣ ገና ልጅ ትድራለህ ብሎት ወደ ተረኛ ሥራው ሄደ። ፈንታ በዚያው ዕለት በገዛ እጁ ሞተ። አንድ ጥያቄ ነበር የቀረኝ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ የሚከፋው መስሎኝ ዋጥሁት አለኝ። ሲነግረኝ አላለቀሰም።»

ጥሩሸዋ መቃብሩ ላይ የረገፈውን የጥድ ቅጠል ትለቅም ጀመር። ባሏ ከፈንታ ቀብር በኋላ ዝምታው እንደጨመረ ታውቃለች። ኀዘን ነው ብላ ነበር። ብቻውን የተሸከመው ነገር ኖሯል፤ እሷ ደግሞ አለመጠየቅን እንደ ጨዋነት ቆጥራ ከአጠገቡ ኖራለች።

ሊሄዱ ሲነሡ አማከለች እንደቆመች ቀረች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ቀጠሮዬ ደርሶ ሆስፒታል ስሄድ ነው ዘበኛው መሞቱን የነገረኝ። ያ ነገር እዚያው በሩ ላይ ተመልሶ መጣብኝ። ወደ ቤቴ ልሂድ ብዬ ብቻዬን መሆኑን ፈራሁ። ለዚህ ነው የሱን አገር ጠይቄ የመጣሁት።»

ጥሩሸዋ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራት የምታውቀው መልስ ተግሣጽ ነበር፦ ተይ፣ አምላክን አታሳዝኚ፣ ልጅሽን እዪ። ቃሉ አፏ ድረስ መጣ። ዋጠችው።

«አሁንም አለ?» አለቻት።

«ትንሽ አለ። ሰው ሲኖር ይቀላል።»

«እንግዲያስ ከዛሬ ጀምሮ ከኔ ጋር ተኚ። ሲመጣብሽ ቀስቅሺኝ። እኔም እንቅልፍ የለኝ።»

በሰባተኛው ቀን ጸሎቱ ካበቃ በኋላ ጥሩሸዋ መምሬ መርስዔ ኃዘንን ወደ ጓሮ ጠራቻቸው። የነፍስ አባታቸው ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ባሏንም ፈንታንም በፍትሐት የፈቱ እሳቸው ናቸው።

«አባቴ» አለቻቸው፣ «ፈንታ እንዴት እንደሞተ ያውቃሉ?»

መምሬ መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። «ያንን ከኔ አትጠይቂ፤ በንስሐ የሰማሁትን አላወጣም።»

መልሱን አገኘች። «ፍትሐቱስ? ተገቢ ነበር?»

«ሕጉን አውቃለሁ፤ አንብቤዋለሁ። ሕጉ ራሱ አእምሮው ለታመመበት ሰው ያዝናል። ከጦር ሜዳ እግሩን ጥሎ፣ ልቡንም እዚያው ጥሎ የመጣን ልጅ እንደ ጤነኛ እንዴት እፈርድበታለሁ? ፈታሁት። እግዚአብሔር ፊት ስቀርብ ብጠየቅ እመልሳለሁ።» ሊሄዱ ብለው ተመለሱ። «እታገኝ አታውቅም። የሚጠቅማት ቀን ከመጣ ያን ጊዜ ይነገራት፤ ለወሬ ማብረጃ ግን አይሁን።»

የአሥራ ሁለቱ ዕለት ዳሱ እንደገና ሞላ። ካህናቱ አድርሰው ከተቀመጡ፣ ሰውም ከቀመሰ በኋላ እታገኝ ልጅቷን እንዳቀፈች ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ሴቶቹ ጠብ መጣ ብለው ቦታ ለቀቁላት። እታገኝ ግን የተቆጣች አልነበረችም።

«ጥሩሸዋ፣ ይቅር በይኝ፤ አንቺን ላሳዝን አይደለም» አለች። «ሁለት ወንድሞች ነበሩኝ። ሁለቱም ዘር ሳይተኩ ሄዱብኝ። ሰው ይቺ ልጅ የወንድምሽ ናት ይለኛል። ብትሆን በማንም አልቆጣም። እሷንም አልወቅስ፤ እሱንም አልወቅስ። የሱ የሆነ አንድ ነገር መሬት ላይ ከቀረ ብቻ ንገሩኝ።»

አማከለች ተነሣች። ያን ሁሉ ሰው ፊት ልትናገር እንደሆነ ጥሩሸዋ ገባት። ብትናገር እስከ ዓለም ከተማ ይሰማል፤ ዝም ብትል የሞተው ሰው ስም እንደጎደፈ ይቀራል። ጥሩሸዋ ቀድማ የሴቲቱን እጅ ያዘች።

«ተቀመጪ አንቺ» አለቻት። ከዚያ ወደ ባሏ እህት ዞረች። «እታገኝ፣ የሱ አይደለችም። ቢሆን እኔም በወደድሁ፤ ዛሬ ይህን ማለት አላፍርም። አባቷ ጦር ሜዳ ነው። እናቷ ግን ልትሞት ደርሳ ነበር፤ ወንድምሽ ነው ያቆያት። ልጅቱም እናት ያላት በሱ ነው።»

«ምን አሟት?»

«የሚገድል በሽታ። ከዚህ በላይ አልልም፤ የታማሚ ነገር ነው። እሱም ቢኖር አይልም ነበር።»

ጉምጉምታ ተነሣ። አንዲት ሴት «ምን ዓይነት በሽታ ነው የማይነገር?» አለች፤ ሌላዋ ጎሸመቻት።

ያን ጊዜ አያ ጫኔ ከወንዶቹ በኩል ተነሣ። በጉባኤ ፊት ሲናገር ያየው ሰው የለም። ባናውን ከአፉ ላይ ገለጠ።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለ። «እኔንም ይዞኝ ነበር። አምና።»

ሁሉም ወደሱ ዞረ።

«በሬዬ ሞተ፣ በጌ አለቀ፣ እሱስ የሁላችሁም ነው። እኔ ግን በውስጤ አለቅሁ። ሚስቴ ታጎርሰኛለች፤ አልውጥ ይለኛል። ካህን መጣ፤ ሽማግሌ መጣ፤ አይዞህ ይሉኛል። አይዞህ ሲሉኝ ከልቤ ይርቁብኛል። ኪዳነ ወልድ አይዞህ አላለኝም። ልትሞት ነው ወይ አለኝ፣ እንዲሁ በግልጥ። አዎ አልሁት። ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ እኔና ቤቱ እናውቃለን።» ትንሽ አሰበ። «ጥሩሸዋ ለምን እንደምትጠራኝ ሳታውቅ በየሁለት ቀኑ ጠራችኝ። የምሄድበት ቤት ነበረኝ። አሁን ይኸው ገብሴን አጭጄ ከመርኩ። እንግዲህ ያቺ ሴት በዚያው በሽታ ታማ ከሆነ እህቴ ናት። የሚያማት ካለ በኔ በኩል ነው የሚያማት።»

ተቀመጠ። ባናውን መልሶ ተከናነበ። ከወንዶቹ መካከል አንድ ሁለቱ መሬት መሬት ያያሉ። መምሬ መርስዔ ኃዘን «ነፍስ ይማር» አሉ፤ ዳሱም «ይማር» ብሎ መለሰ።

እታገኝ ልጅቷን ለእናቷ ልትሰጣት እጇን ዘረጋች። አማከለች አልተቀበለቻትም።

«ትያዝልኝ» አለች። «ለምዳዎታለች።»

እታገኝ እዚያው ቁጭ ብላ፣ ፊቷን የልጅቷ ፀጉር ውስጥ ደብቃ አለቀሰች።

ምሽት ላይ ሰው ሲበተን ጥሩሸዋ ጫኔን ከበር ጠበቀችው።

«አላወቅሁም ነበር፣ አያ ጫኔ።»

«አውቀሽ ቢሆን ኖሮ አልመጣም ነበር» አለ ጫኔ። «አንቺ የጠራሽኝ ለጨዋታ መስሎኝ ነበር።» ሊስቅ ሞከረ። «ነገ እመጣለሁ። አሁን ደግሞ የምጠይቅሽ እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ጠዋት አማከለች ወደ አገሯ ተነሣች። አክስቷ እንዲቀበሏት ከመሐል ሜዳ ከተማ በስልክ ቃል ተልኮላቸው ነበር፤ ሆስፒታልም ያቺ ነርስ ካርዷን ይዛ እንደምትጠብቃት ታውቃለች። ጥሩሸዋና እታገኝ እስከ መኪናው መንገድ ሸኟት። እታገኝ ልጅቷን አንድም ጊዜ ሳታወርድ ተሸክማ ሄደች። መንገድ ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም፤ ሣሩ ከእግራቸው ሥር ይንኮሻኮሻል።

«ዛሬስ?» አለቻት ጥሩሸዋ።

«ዛሬ ቀላል ነው። ትናንትም ተኝቻለሁ።»

«ለአርባው ትመጫለሽ። ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ቀኑን በወረቀት ላይ አስጽፌልሻለሁ። ካልመጣሽ እኔ እመጣለሁ። ዓለም ከተማን አላውቀውም፤ እየጠየቅሁ እመጣለሁ።»

አማከለች ወረቀቱን ተቀብላ ከደረቷ አኖረችው።

አውቶቡሱ ከመሐል ሜዳ በኩል አቧራውን እያስነሣ መጣ። እታገኝ ልጅቷን ስማ ከእናቷ ጀርባ ላይ አደረገቻት። አማከለች ማዘያዋን ልታጠብቅ ስትሞክር እጇ በብርድ ደንዝዞ አልታዘዝ አላት፤ ረዳቱ ቶሎ በሉ ይላል። ጥሩሸዋ ባሏ ከተቀበረ ጀምሮ ከወገቧ ያልፈታችውን መቀነት ፈታች። ልጅቷን ከላይ ደርባ ከእናቷ ጋር ሁለት ዙር ጠመጠመቻት፣ ከፊት አምጥታ ቋጠረችው፣ እንዳይላላም ቋጠሮውን በጣቷ ፈተነችው።